ነባር ሕመም ይዞ የጤና ኢንሹራንስ መግባት፦ ከቅጹ በፊት፣ በቅጹ ላይና ከቅጹ በኋላ

ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለበት፣ አልያም ከዓመታት በፊት ካንሰር ታክሞ የዳነ ሰው የጤና ኢንሹራንስ ለመግባት ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይቀበሉኛል ወይ?» ብሎ ነው። እኔ ለዓመታት የካሳ ጥያቄ ፋይል ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ጥያቄ ሁለተኛ መሆን እንዳለበት አውቃለሁ። ደጅ ላይ የተመለሰ ሰው ሌላ ደጅ ያንኳኳል። ክፉኛ የሚጎዳው ገብቶ፣ ዓረቦኑን (ለኢንሹራንሱ በየጊዜው የሚከፈለውን ገንዘብ) ሳያጓድል ከፍሎ፣ ሆስፒታል በተኛ ማግሥት «ይህ ሕመም ከውሉ በፊት የነበረ ስለሆነ አንከፍልም» የሚል ደብዳቤ የሚደርሰው ነው። እንዲህ ያለው ክርክር ሲመረመር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣላው ሕመሙ ሳይሆን ቀኑ ነው፤ መቼ ጀመረ፣ መቼ ታወቀ፣ ማን የት ላይ ጻፈው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ መልሰው የሚያመጡን ወደዚያው ወደ ቀኑ ነው።

ደረጃ 1፦ ስለ ጤናዎ የማይጠይቀውን በር ያስቀድሙ

ማንኛውንም ቅጽ ከመሙላትዎ በፊት፣ ጤናዎ ሳይጠየቅ የሚገቡበት መንገድ እንዳለ ያጣሩ። በብዙ አገር አለ፤ ሰው ግን ማስታወቂያ ያየበትን ድርጅት ይዞ ይሮጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ፣ ሰው በግሉ በሚገዛው መደበኛ የጤና ኢንሹራንስ ላይ በነባር ሕመም ምክንያት አመልካችን መመለስንም ሆነ ዋጋ መጨመርን ከልክሏል። በኔዘርላንድ ከ2006 ጀምሮ መሠረታዊውን ሽፋን የሚሸጥ ድርጅት አመልካችን የመቀበል ግዴታ አለበት። ሲንጋፖር በ2015 መሠረታዊውን መድን ለዜጎችዋና ለቋሚ ነዋሪዎችዋ ሁሉ ስታዳርስ የታመሙትንም አላስቀረችም፤ ከባድ ነባር ሕመም ያለባቸው ግን ለ10 ዓመት 30 በመቶ ጨምረው እንዲከፍሉ አደረገች። በጀርመን ሕዝባዊው የሕመም መድን ጤናዎን አይጠይቅም፤ የግሉ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። «በሕግ መከልከል አይችሉም» የሚባለው ለመሠረታዊው ወይም ለመደበኛው ሽፋን ብቻ ሊሆን ይችላል። በኔዘርላንድም ሆነ በስዊዘርላንድ ተጨማሪ ሽፋን የሚሸጠው ክፍል ጤናዎን ጠይቆ ሊመልስዎ ይችላል። በአሜሪካም የአጭር ጊዜ ውል የሚባሉት ከላይ ከተጠቀሰው ክልከላ ውጭ ናቸው፤ ርካሽ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው በር አሠሪዎ ነው። ለሠራተኛ በቡድን የሚገባ ውል ብዙ ጊዜ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው አይመረምርም። ታዲያ በተቀጠሩ ሰሞን የሚሰጠውን የመመዝገቢያ ጊዜ አያሳልፉ። «ለጊዜው ደህና ነኝ፣ ወደፊት እገባለሁ» ብሎ ያሳለፈ ሰው ሲመለስ የጤና መጠይቅ ሊጠብቀው ይችላል። ይህ ክፋት አይደለም። ሰው ሲታመም ብቻ የሚገባ ከሆነ የሁሉም መዋጮ በሚጠራቀምበት ገንዳ ውስጥ የሚቀሩት ሕሙማን ብቻ ይሆናሉ፤ ዓረቦኑ ይንራል፤ ጤነኛው ጭራሽ ይሸሻል። ስለዚህ ጤናን የማይጠይቅ ሥርዓት ወይ ሁሉንም ያስገድዳል፣ ወይ በሩን በተወሰነ ጊዜ ብቻ ይከፍታል። የሚከፈትበትን ቀን ማወቅ የእርስዎ ፋንታ ነው።

እነዚህ በሮች ከሌሉ ወይም ካልበቁዎት፣ ጤናዎን ጠይቆ ወደሚወስነው የግል ውል ይሄዳሉ። የቀረው መመሪያ በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ የሕክምና ፋይልዎን ሌላ ሰው ሳያየው እርስዎ ይዩት

ከሁሉም ደረጃ ብዙ ጊዜ እንዲያጠፉበት የምፈልገው በዚህኛው ነው።

አንድ ፋይል አልረሳም። አንዲት እናት ራሳቸውን ስተው ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ተረኛዋ ልጃቸውን «ግፊቱ ስንት ዓመት ሆናቸው?» ብላ ጠየቀች። ልጁ በድንጋጤ «ኧረ ቆይቷል፣ አሥር ዓመት ይሆናል» አለ። ካርዱ ላይ «የ10 ዓመት የደም ግፊት ታማሚ» ተብሎ ተጻፈ። ውሉ የተገባው ከ4 ዓመት በፊት ነበር፤ ግፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው ደግሞ ከ3 ዓመት በፊት። ያቺ አንዲት መስመር ግን ከውሉም ከምርመራውም ቀድማ ተገኘች፣ ካሳው ተከለከለ። የመጀመሪያው ምርመራ የተደረገበት ካርድ ከሌላ ክሊኒክ መዝገብ ቤት ተፈልጎ እስኪመጣ ድረስ ሰባት ወር አለፈ። ልጁ አልዋሸም። ቁጥር ሲጠየቅ ቁጥር ሰጠ እንጂ።

ስለዚህ ከታከሙባቸው ቦታዎች ሁሉ የካርድዎን ቅጂ፣ የላቦራቶሪ ውጤቶችን፣ የመድኃኒት ማዘዣዎችንና ሆስፒታል ተኝተው ከሆነ የመውጫ ማጠቃለያውን ይጠይቁ። ሁሉንም ይዘው ቁጭ ይበሉና በአንድ ገጽ ላይ የሕመምዎን ታሪክ በቀን ቅደም ተከተል ይጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦

ማርች 2019። ለጉንፋን ሄጄ ግፊቴ 150/95 ተለካ። ሐኪሙ ጨው ቀንስ፣ ተመልሰህ ተለካ አለኝ። መድኃኒት አልታዘዘም። አልተመለስኩም።

ጁን 2021። የደም ግፊት እንዳለብኝ ተነገረኝ። አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ተጀመረ።

ጃንዋሪ 2024። መድኃኒቱ ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ አለ። የኩላሊትና የልብ ምርመራ ተደረገ፣ ደህና ነው።

ከሦስቱ መስመሮች ብዙ ሰው የሚዘላት የመጀመሪያዋን ነው፤ «ያኔ እኮ በሽታ አለብህ አልተባልኩም» ይላል። ለምን አደገኛ እንደሆነች በሚቀጥለው ደረጃ ያገኙታል።

በፋይሉ ውስጥ ስሕተት ካገኙ የጻፈውን ተቋም እንዲያርም ይጠይቁ። የድሮውን መስመር ማስፋቅ ወይም ገጽ ማስገንጠል አያስቡ፤ የተፋቀ ካርድ ከተሳሳተ ካርድ የባሰ ጥርጣሬ ይጭራል። ትክክለኛው መንገድ ሐኪሙ መነሻውን ጠቅሶ፣ ቀን አስፍሮና ፈርሞ የማረሚያ ማስታወሻ እንዲጨምር ነው። ለወደፊቱ ደግሞ ቤተሰብዎ «መቼ ጀመረው?» ተብሎ ከተጠየቀና ካላወቀ «አላውቅም» እንዲል ይንገሩት። ያቺ አንድ ገጽ ስልክዎ ውስጥ ብትቀመጥና ቤተሰብ ቢያውቃት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ደረጃ 3፦ «ነባር» የሚለው ቃል በዚያ ውል ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ያንብቡ

ከማስታወቂያው ወረቀት ሳይሆን ከራሱ ከውሉ፣ ትርጉሞች ከተዘረዘሩበት ክፍል ያንብቡ። ቃሉ አንድ ይምሰል እንጂ ትርጉሙ ይለያያል።

ጠበብ ያለው ትርጉም ሐኪም ስም ያወጣለትን ሕመም ብቻ ይቆጥራል። ሰፋ ያለው ምክር የተሰጠበትን ወይም የታከመውን ሁሉ ይጨምራል። በደቡብ አፍሪካ ሕግ ከማመልከቻው በፊት በነበሩት 12 ወራት ምክር፣ ምርመራ፣ እንክብካቤ ወይም ሕክምና የተሰጠበት ወይም ይደረግ የተባለበት ነገር ሁሉ ይቆጠራል። ሦስተኛው ከሁሉም ይሰፋል፤ ስም ባይወጣለትም ምልክቱ ከነበረ በቂ ነው። በአውስትራሊያ በሆስፒታል ሽፋን ረገድ ከመግባትዎ በፊት በነበሩት 6 ወራት ምልክቱ ነበረ ወይ የሚለውን የሚወስነው ድርጅቱ የሚሰይመው ሐኪም ነው፤ እርስዎ በሽታ መሆኑን አለማወቅዎ አያድንም።

አሁን ወደ ማርች 2019 ይመለሱ። በጠባቡ ትርጉም ያ ቀን ምንም አይደለም፤ ነባርነቱ የሚቆጠረው ከጁን 2021 ነው። በሰፊው ትርጉም ግን «ጨው ቀንስ» ምክር ነው። በ2020 ውል ለገባ ሰው፣ ወደ ኋላ የሚታየው ጊዜ እስከዚያ ከደረሰ፣ ያቺ የጉንፋን ቀን ደም ግፊቱን ነባር ታደርገዋለች። ስለዚህ ከውሉ ሁለት ነገር ጎልቶ እንዲወጣልዎ ያስምሩበት፤ ምን ምን ይቆጠራል? ወደ ኋላስ ስንት ወር ወይም ዓመት ይታያል?

ደረጃ 4፦ ቅጹን ይሙሉ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ስለ ሐኪም ነው፤ ለዚህኛውም ቅጽ ይሠራል። ሕጉ ግን ከአገር አገር ስለሚለይ አስቀድመው አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ግዴታዬ የተጠየቅሁትን በትክክል መመለስ ነው ወይስ ያልተጠየቅሁትንም ማስታወቅ? በእንግሊዝ ከ1766ቱ የዳኛው የሎርድ ማንስፊልድ ፍርድ ጀምሮ ለዘመናት የኖረው መርሕ፣ እውነቱን የሚያውቀው መድን ገቢው ስለሆነ ሳይጠየቅም መናገር አለበት የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሕግ ይህን ለግለሰብ ተጠቃሚ ለውጦታል፤ አሁን ግዴታው ለተጠየቀው ነገር ተገቢውን ጥንቃቄ አድርጎ በእውነት መመለስ ነው። ያው ሕግ በቸልተኝነት የተሳሳተንና ሆን ብሎ ያሳሳተን ይለያል። ሆን ብሎ ካሳሳተ ኢንሹራንስ ሰጪው ውሉን አፍርሶ ካሳውን ሁሉ መከልከል ይችላል። በቸልተኝነት ከሆነ እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ያደርግ የነበረውን ያህል ነው የሚያስተካክለው። በአገርዎ የትኛው እንደሚሠራ ካላወቁ ጠንከር ያለውን ይዘው ይሙሉ።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይነበባል፦ «ባለፉት 5 ዓመታት ለደም ግፊት፣ ለልብ ወይም ለደም ዝውውር ችግር ምርመራ፣ ምክር፣ ሕክምና ወይም መድኃኒት አግኝተው ያውቃሉ?» ከጎኑ «አዎ» እና «የለም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ፣ ከሥሩ ጣት የማታህል ባዶ ቦታ። በባዶው ቦታ «ግፊት አለብኝ» ብለው አይለፉ። እንዲህ ያለ መልስ የሚያነበው ሰው ሌላ መረጃ ስለሌለው የከፋውን ይገምታል። «አዎ፤ አባሪ ገጽ ይመልከቱ» ብለው ይጻፉና በደረጃ 2 ያዘጋጁትን ገጽ ያያይዙ፤ የቅርቡን የግፊት ልኬትዎንና ደህና የሆኑትን ምርመራዎችም አብረው ያስገቡ። በመድኃኒት የተገታ ግፊትና እንደ ልቡ የሚዘል ግፊት እኩል አይታዩም፤ ልዩነቱን የሚያሳየው ግን ወረቀቱ ነው።

ወኪሉ ወይም ደላላው ቅጹን ሲሞላልዎ ይጠንቀቁ። «ይህችን አትጻፉ፣ ነገር ታራዝማለች» የሚል ወኪል አጋጥሞኛል፣ ከአንድም ብዙ ጊዜ። ውሉ የሚፈርሰው በእርስዎ ፊርማ ነው፤ የሱ ኮሚሽን ያኔ ተበልቶ አልቋል። ያልተነበበ ቅጽ ላይ አይፈርሙ፤ የፈረሙበትን ቅጂ ከአባሪዎቹ ጋር ያስቀሩ። ካመለከቱ በኋላ ውሉ ከመጽናቱ በፊት አዲስ ሕመም ከታወቀብዎ ወይም ውጤቱ ያልመጣ ምርመራ ካለ እሱንም በጽሑፍ ያሳውቁ።

«የጤና ጥያቄ አንጠይቅም» የሚሉ ውሎችም አሉ። ሲሰሙት ደስ ይላል። በእንግሊዝ የግል ኢንሹራንስ የተለመደው ዓይነት ሲገቡ ምንም ሳይጠይቅ፣ ባለፉት 5 ዓመታት የነበረብዎን ሕመም በጅምላ ከሽፋን ያወጣል፤ ከገቡ በኋላ ለተከታታይ 2 ዓመት ያለምልክት፣ ያለሕክምናና ያለመድኃኒት ከቆዩ ሕመሙ ወደ ሽፋን ይመለሳል። በየቀኑ ክኒን ለሚውጥ ሰው ያ 2 ዓመት መቼም አይሞላም። ጥያቄውም አልቀረም፤ አልጋ ላይ ሲሆኑ እንዲመጣ ተላለፈ እንጂ። የዘወትር ሕመም ላለበት ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀውን ውል እመርጣለሁ።

ደረጃ 5፦ መልሱ ሲመጣ አይቸኩሉ

መልሱ «ተቀብለናል» ወይም «አልተቀበልንም» ብቻ አይደለም። በጭማሪ ዓረቦን ሊቀበሉ፣ ሕመሙን ለይተው ከሽፋን ሊያወጡ፣ የመጠበቂያ ጊዜ ሊያስቀምጡ ወይም «ከ6 ወር በኋላ ተመለሱ» ሊሉ ይችላሉ።

ጭማሪውንና ማግለሉን በቁጥር ያስተያዩ። ጤነኛ ሰው በዓመት 100 ይከፍላል እንበል። አንደኛው ድርጅት ሁሉን ሸፍኖ 150 ይጠይቃል። ሁለተኛው በ100 ይቀበልና ደም ግፊትንና ከሱ የሚመጣውን ሁሉ ያወጣል። የመድኃኒትና የክትትል ወጪዎ በዓመት 30 ከሆነ ሁለተኛው በ20 የረከሰ ይመስላል። ይሁንና በሁለተኛው ውል የወጣው ክኒኑ ብቻ አይደለም፤ ስትሮክና የኩላሊት መድከምም አብረው ወጥተዋል። የእነሱ ሒሳብ በ30 አይቆምም፤ ሺሕም ሊያልፍ ይችላል። ክኒኑን ከኪስ መግዛት ይቻላል፤ ከባድ ሕክምናን ነው ከኪስ መክፈል የማይቻለው።

ማግለል ካልቀረ በቃላቱ ላይ ይከራከሩ። «የልብና የደም ሥር በሽታዎች በሙሉ» እና «ደም ግፊት» መካከል ሰማይና ምድር ያህል ልዩነት አለ። «ጀርባ» ተብሎ የወጣ ማግለል ነገ በመኪና አደጋ የሚሰበረውን አከርካሪም ሊጨምር ይችላል። ሐኪምዎ የጻፈውን አጭር ደብዳቤ ይዘው ቃሉ እንዲጠብ፣ እንዲሁም ከስንት ዓመት በኋላ እንደገና እንደሚታይ በጽሑፍ እንዲሰፍር ይጠይቁ። ሁልጊዜ ባይሳካም ብዙ ሰው ስለማይጠይቅ ብቻ ያጣዋል።

ደረጃ 6፦ የመጠበቂያ ጊዜውን ቆጥረው ይጠብቁት

የመጠበቂያ ጊዜ ማለት እየከፈሉ፣ ለነባሩ ሕመም ግን ካሳ የማያገኙበት ጊዜ ነው። በአውስትራሊያ የሆስፒታል ሽፋን ቢበዛ 12 ወር ነው። በደቡብ አፍሪካም ለተለየ ሕመም እስከ 12 ወር ይደርሳል። በሕንድ ከ2024 ጀምሮ ጣሪያው ከ48 ወደ 36 ወር ወርዷል። በአየርላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው 5 ዓመት ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ብዙ ጊዜ ውሉ ላይ ከሰፈረው የመጀመሪያ ቀን እንጂ ቅጹን ካስገቡበት ቀን አይደለም። ሊቆይ የሚችል ቀዶ ሕክምና ካለብዎ ከሐኪምዎ ጋር ተመካክረው ከዚያ በኋላ ያድርጉት፤ ሊቆይ የማይችለውን ግን ለኢንሹራንስ ብለው አያቆዩ።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ዓረቦን ሳይከፍሉ ቀርተው ውሉ ከተቋረጠ ቆጠራው ከዜሮ ሊጀምር ይችላል፤ የ35 ወር ትዕግሥት በአንድ የተረሳ ክፍያ ይነናል። የሽፋን ጣሪያዎን ሲያሳድጉ ደግሞ የተጨመረው ክፍል የራሱ አዲስ መጠበቂያ ሊኖረው ይችላል።

ደረጃ 7፦ ድርጅት ሲቀይሩ

አዲሱ በጽሑፍ ሳይቀበልዎ አሮጌውን አይሰርዙ። በሕንድና በአውስትራሊያ በመሳሰሉት አገሮች ተመጣጣኝ ሽፋን ይዞ ለሚቀይር ሰው የጠበቀው ጊዜ ይቆጠርለታል፤ ለዚህ ማስረጃ ስለሚያስፈልግ ከአሮጌው ድርጅት የቆይታ ደብዳቤ ያውጡ። ይህ በሌለበት አገር ግን ትናንት ሽፋን ውስጥ ሆነው የያዘዎት ሕመም ዛሬ ለአዲሱ ድርጅት ነባር ነው። በዓመት ጥቂት ለመቆጠብ ብሎ ይህን መርሳት ውድ ስሕተት ነው።

ደረጃ 8፦ «ነባር ነው» ተብለው ሲከለከሉ

ለታቀደ ሕክምና አስቀድመው የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ክርክሩ ካለ ሒሳቡ ሳይመጣ ይለቅ። ከተከለከሉ በኋላ ደግሞ በስልክ አይሟገቱ። የተከለከሉበትን ምክንያት፣ የተጠቀሰውን የውል አንቀጽና መሠረት የሆነውን ሰነድ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሦስተኛው ዋናው ነው። ከአንዲት የካርድ መስመር የመነጨ ከሆነ ቅድም ያየነው ዓይነት ጉዳይ ነው፤ የመጀመሪያውን ምርመራ ማስረጃ ከቀን ዝርዝርዎ ጋር ያቀርባሉ።

ሌላው የተለመደ ምክንያት «የአሁኑ ሕመም ከነባሩ የመጣ ነው» የሚለው ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ስኳር ያለበት ሰው ትርፍ አንጀቱ ሲቃጠል ስኳሩ ይጠቀሳል። ያኔ ከሚያክምዎ ሐኪም የሚያስፈልግዎ ረጅም ታሪክ ሳይሆን የሁለት መስመር መልስ ነው፤ የአሁኑ ሕመም ከነባሩ የመነጨ ነው ወይስ አይደለም፣ ምክንያቱስ ምንድን ነው። ይህን አያይዘው በድርጅቱ ውስጥ ላለው የቅሬታ ክፍል በጽሑፍ ይግባኝ ይበሉ፤ ካልሆነ ወደ ኢንሹራንስ ተቆጣጣሪው ወይም ወደ እንባ ጠባቂው ይሂዱ። ይግባኝ የራሱ ቀነ ገደብ ስላለው ደብዳቤው የደረሰዎትን ቀን ፖስታው ላይ ይጻፉ።

ሁሉም ከመለሱዎት

አንዱ መለሰ ማለት ሁሉም ይመልሳል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ድርጅት ለስኳር ይጨክናል፣ ለአስም ይራራል። በዘፈቀደ አሥር ቦታ ከማመልከት ግን መጀመሪያ ስም ሳይጠቅሱ ሁኔታዎን በደላላ ያስጠይቁ። ብዙ ቅጾች «ከዚህ በፊት ተከልክለው ያውቃሉ?» ስለሚሉ እያንዳንዱ መደበኛ ክልከላ ቀጣዩን ማመልከቻ ይከተለዋል። የመለሰዎትን ድርጅት ምክንያቱን ይጠይቁ፤ «ቀዶ ሕክምናው ገና 3 ወሩ ነው» ከሆነ መልሱ፣ ያ ክልከላ ሳይሆን ቀጠሮ ነው፤ የሚመለሱበትን ወር ያቺው ገጽዎ ላይ ከታች ይጻፉት።